ለቄሱ ሚስት ስንፈልግ

ሰኔ 4 ቀን 2003

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ዋልሁ። አንድ ሰውዬ «ድምፁ ጠፋ» ብሎ ያመጣውን ራዲዮ ብፈታው ሙሉ የበረሮ ቤተሰብ። «ጌታዬ፣ ይኼ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ነው፤ ቀበሌ ይውሰዱት» አልሁት። አልሳቀም። ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚስቅ ሰው አይገኝም።

ከሰዓት በኋላ አምሳሉ ከጋምቤላ ደወለ። የእህቴ የማንጠግቦሽ፣ እኔ እታለም የምላት፣ አንድ ልጅ። ለማስተማር ብሎ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። በሄደ በዓመቱ እዚያ ካሉት አንግሊካኖች ቤተ ክርስቲያን ገባ ተባለ። እናቱ ያኔ ሰው እንደሞተባት ነው የተቀመጠችው፤ ጎረቤት እየመጣ አጽናናት። እኔ ግን «እንግሊዙ» አልሁት። ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ አንግሊካኑን ትቻለሁ።»

«ምነው፣ ሻይ በወተት አልስማማህ አለ?»

«ቅስና ልማር ነው። ለእማዬ ቀስ ብለው ይንገሯት። ሌላውን ስመጣ…»

ኔትዎርክ ጠፋ።

ቀስ ብለው ይንገሯት? ሱቁን እንኳ ሳልቆልፍ በጭቃው ሮጥሁ።

ሰኔ 5

ትናንት ጽፌ መጨረስ አልቻልሁም፤ የእልልታው ብዛት።

«እታለም፣ እንግሊዙ ተመልሷል። ቄስ ሊሆን ነው» አልኋት። መሬቱን ሳመች። እኔን ሳመች። የበሩን መቃን ሳመች። እንባዋን ሳትጠርግ ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ሚስት!»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ዲያቆን አግብቶ፣ ከሚስቱ ጋር ቆርቦ ነው የሚቀሰሰው። ከተቀሰሰ በኋላ ሚስት የለም። አምሳሉ ደግሞ በልጅነቱ ዲማ ገዳም ተምሮ ድቁና ተቀብሏል።

«የጎደለው ሚስት ብቻ ነው» አለች።

«መጀመሪያ እሱን ብንጠይቀውስ?»

«ምኑ ይጠየቃል? ሳያገባ የሚቀስስ አይተህ ታውቃለህ? መነኩሴ ካልሆነ።»

አላየሁም። ብደውልም የልጁ ስልክ አልነሳ አለ።

የንስሐ አባታችንን ቄስ ገብረ ሚካኤልን አማከርን። «ወጥቶ የተመለሰ ሰው ቀኖና አለበት። እሱ ሳይፈጸም ስለ ቅስና ማውራት ምንድን ነው?» አሉ።

«ቀኖናውን እሱ ይፈጽም፤ ሙሽራዋን እኛ እንፈልግ። ሥራ እንከፋፈል እንጂ አባቴ!» አልሁ።

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተሸነፉ ማለት ነው።

ሰኔ 12

ከቄስ ገብረ ሚካኤል ጋር ሙሽራ ልንለምን ገጠር፣ ቁይ ሄድን። ሽማግሌ ሆንሁ! ዕድሜውን ሙሉ ወንደላጤ የኖረ ሰው ለሌላ ሰው ሚስት ሲለምን… ቄስ ገብረ ሚካኤል መንገድ ላይ «አንተ ዝም ትላለህ፣ እኔ እናገራለሁ» ብለው አስማሉኝ።

ባዘዘው የእታለም የሩቅ ትውውቅ ነው። ደህና ገበሬ፣ ኩሩ ሰው። ልጁ የብርጓል ዘንድሮ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትናለች። ቄሱ ነገሩን ከሩቅ እያዞሩ ሲያመጡት ባዘዘው አቋረጣቸው።

«ያ እንግሊዝ የሆነው ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ተመልሷል! ቄስ ሊሆን ነው!» አልሁ። መሐላዬ እዚህ ላይ አበቃ።

የባዘዘው ፊት በራ። የቄስ አማት! ሌላ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ያመላልሰን ነበር። እዚያው እሺ አለ። ሠርጉ ለጥር ተባለ።

ጠላ የቀዳችልን የብርጓል ናት። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቀልድ ጣል አደረግሁ። አልሳቀችም። ምን ሆና ነው? አፍራ ይሆን?

ሰኔ 13

ራስ ምታት። የባዘዘው ጠላ ክርስቲያን አይደለም።

ሐምሌ 6

አምሳሉ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ። ከመናኸሪያ ወደ እናቱ አልሄደም፤ ቀጥታ ሱቄ ገባ። ከሲታ ሆኗል፤ ወባው ነው። አንድ ራዲዮ እየበየድሁ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅስናው የካቶሊክ ነው።»

መበየጃው ጣቴን ለበለበኝ።

«ከዲማ ተነስተህ፣ በእንግሊዝ ዞረህ፣ ሮም ገባህ? ባጃጅ ብትይዝ እኮ አቋራጭ ያሳዩህ ነበር!»

ሳቀ። ሳቁ ያው የልጅነቱ ነው።

«የኛ አገር ካቶሊኮችም በግዕዝ ነው የሚቀድሱት።»

«ግዕዝ ከሆነማ ዲማ ምን አጣ? በእግርህ ትደርስ ነበር።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። አንግሊካኖቹ ደጎች ናቸው አለ። ማንንም ሳያውቅ ወባ ሲጥለው ያስታመሙት እነሱ ናቸው። ክፉ ቃል የለውም። ግን እዚያው ሆኖ አንድ ጥያቄ ያዘው። እነዚህን ቄሶች ማን ሾማቸው? የሾማቸውንስ ማን ሾመው? እንዲህ እጅ በእጅ ወደኋላ እየሄደ፣ እስከ ሐዋርያት፣ ሮም ደረሰ።

«ዲማም እስከ ሐዋርያት ይደርሳል ጋሼ፣ አውቃለሁ። የጠራኝ ግን ያኛው ነው። ምን ላድርግ?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ይኼኛው ራዲዮ የሚይዘውን ጣቢያ ያኛው አይዝም። ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

«እሺ። ሚስትህንስ ምን እናድርጋት?»

«የምን ሚስት?»

«የቁይዋን።»

ነገርሁት። ፊቱ አመድ ሆነ። «ጋሼ! እኔ የምሆነው ቄስ አያገባም እኮ!»

«ከመቀሰሱ በፊትስ?»

«በፊትም! በኋላም!»

ሳቅ ያዘኝ። ማቆም አቃተኝ፤ ወንበሩን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ የባዘዘው ፊት ትዝ አለኝ። ሳቄ ቆመ።

ልጁ ግን አሁን አልሳቀም። «መስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ ዘርአ ክህነት፣ የቅስና ትምህርት ቤት፣ እገባለሁ። እማዬ ሳትመርቀኝ ግን አልገባም። አምስት ዓመት ያለ ምርቃቷ ኖሬያለሁ። ይበቃኛል» አለ።

ካልመረቀችውስ? አልጠየቅሁትም።

ሐምሌ 7

ነገርናት። እኔ ጀመርሁ፣ እሱ ጨረሰ።  

«ካቶሊክ?» አለች እታለም። «ሱስንዮስ እንኳ ያን ሁሉ ሕዝብ አስጨርሶ ትቶታል! አንተ ከንጉሥ ልትበልጥ ነው?»

አብረውን የገቡት ቄስ ገብረ ሚካኤል ሊያበርዱ ሞከሩ። «አለማግባቱን እንኳ እንደ ምንኩስና ቁጠሪው ልጄ።»

«የወለደኝ አባቴ ሰባት ወልዶ፣ ሁሉንም ድሮ አድርሶ ነው የመነኮሰው! ይኼ ማንን ወልዶ? እኔ ስሞት ይኼን ቤት ማን ይከፍተዋል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ! አንተን አይቶ ነው! ያንተ ወንደላጤነት ቅድስና መስሎት!»

በሕይወቴ ቅዱስ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 15

ልጇን አታናግረውም። በእኔ በኩል ታወራለች፤ እሱ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ።

«ለካቶሊኩ ንገረው፤ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ካቶሊኩ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እታለም፣ ሮም ታመሰግናለች።»

በማማሰያ ጀርባዬን መታችኝ። ለልጇ የታሰበ ምት መሆኑን አውቃለሁ።

ሐምሌ 21

ይቅርታ ልንጠይቅ ቁይ ሄድን። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመን። እኔ ከባዘዘው አጥር ስር ለአንገቴ የምትመች አነሳሁ። አምሳሉ ግን ከዋናው መንገድ ጀምሮ የወፍጮ መጅ የሚያክል ተሸክሞ፣ በዚያ ጭቃ። «ተው፣ ሰው የሚያየው በር ላይ ነው» ብለው አልሰማኝም።

ባዘዘው ወጥቶ መጀመሪያ የኔን አየ። «ይኼ ምንድን ነው? ነጭ ሽንኩርት ልትወቅጥ ነው?»

አምሳሉ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ባዘዘው አላነሳውም። ሰፈሩ ተሰብስቧል። ዝናቡ ጀመረ።

«የቄስ አማት ልሆን ነው ብዬ አገር ሰምቶልኛል። ልጄን ለምን ናቅሃት?»

«አልናቅሁም አባቴ። መታጨቷን አላወቅሁም ነበር።»

«እናትህ ስትልክ አላወቅህም? አጎትህ ቆሞ ሲለምን አላወቅህም?»

ልጁ «አላወቅሁም» ቢል እኛ ልናፍር ነው። አንገቱን ደፋ። ድንጋዩ አንገቱን ሲጫነው ይታየኛል። ለቀልድ የማልሰንፈው እኔ ከድንጋዬ ስር መሬት መሬቱን አያለሁ። 

ያኔ የብርጓል ከጓሮ ወጣች።

«አባዬ፣ ድንጋዩን አውርድለት። እኔም አልፈልገውም። ነርስ ነው መማር የምፈልገው።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም! እሱንም እኮ ማንም አልጠየቀውም።»

 ባዘዘው ልጅቷን አየ። አምሳሉን አየ። እኔን እንደ ትል አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደለት።

የኔን ግን ማንም አላወረደልኝም። ይዤው ተመለስሁ። ሱቁ በር ላይ አለ፤ በር ይይዝልኛል።

ሐምሌ 22

ማንም አልጠየቀውም… አምስት ዓመት «እንግሊዙ» ስለው፣ ምን አግኝተህ ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ? ልጅቷ ያለችውን ለእታለም ነገርኋት። ምስር መልቀሟን አላቆመችም። ግን ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ ስትከት አየሁ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። አምሳሉ ጾሙን ሙሉ አብሯት ጾመ፤ እሷ እስከምትበላበት ሰዓት እሱም አልቀመሰም።  ዛሬ ዶሮው ሲቀርብ ፈረሰኛውን አንስታ እሱ ፊት አደረገችው። እኔ ዐይኔን ጥዬበት ነበር።

ድንገት፣ ቀጥታ ለእሱ…

«እዚያ ማን ያበስልልሃል?»

መጉረሴን አቆምሁ።

«አብሳይ አላቸው እማዬ።»

«በርበሬ ታውቃለች?»

«አላውቅም።»

«በርበሬ ይዘህ ትሄዳለህ።» ወጥ ጨመረችለት። «ስታረጅስ? ማን ውኃ ያቀብልሃል?»

«ወንድሞች አሉኝ። አንድ ላይ ነው የምንኖረው።»

«ወንድም» አለች፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ወንድምንማ አውቀዋለሁ።»

መስከረም 22 ቀን 2004

ዛሬ ሄደ።

ሻንጣው በር ላይ። በርበሬው በሁለት ፌስታል ታስሮ። ከእሷ እግር ስር ተንበረከከ። ምርቃቱን ትስጠው አትስጠው ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም። አውቶቡሱ ያመልጣል ብዬ ልናገር ስል ቄስ ገብረ ሚካኤል ክርኔን ያዙ።

እጇን ራሱ ላይ አደረገች። «ውለድ…» አለች።

ቃሉን እዚያው አቋረጠችው።

የምታውቀው ምርቃት ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀምረው። ውለድ፣ ክበድ። እናቷም፣ አያቷም፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ።  ወደ ቄሱ ዞረች። «አባቴ፣ ምን ተብሎ ነው የሚመረቀው?» ቄሱ መስቀላቸውን አሻሹ። እሳቸውም አምስት ወልደዋል።

አምሳሉ ቀና አላለም። ጠበቀ።

«ውለዱ ይቅር» አለች በመጨረሻ። «ክበድ። የሚያለቅስ ሰው ከደጅህ ስቆ ይመለስ። ስታረጅ ውኃ የሚያቀብልህ አትጣ። የሄድህበት መንገድ ያግባህ… እኔ ባላውቀውም።»

«አሜን» አልን። እንትፍ እንትፍ አለችበት፤ ግንባሩን፣ ፀጉሩን፣ ኮቱን ሁሉ።

ቀልድ አላማረኝም። አውቶቡሱ ግን በእውነት ሊያመልጠን ነበር።

ጥቅምት 28

አንድ ደንበኛ መጣ። ያው የበረሮው ሰውዬ። አሁንም አይስቅም።

የብርጓል ፈተናውን አልፋ እዚህ ከተማ ነርስ ትምህርት ገብታለች። ማደሪያ ስትፈልግ እታለም ሰምታ ቁይ ድረስ ሰው ላከች። የአምሳሉን ክፍል ሰጠቻት። ሙሽራው ወጣ፣ ሙሽራዋ ገባች! ባዘዘው ጤፍ ጭኖ መጥቶ ነበር፤ ከእኔ ጋር ጠላ ጠጣ። ስለ ድንጋዩ አላነሳንም።

እታለም አሁን ሚስት የምትፈልገው ለእኔ ነው። ዛሬ እራት ላይ «አንተስ? ለምን እንዳላገባህ ማንም ጠይቆህ ያውቃል?» አለችኝ። እውነት ነው፣ ማንም። «ቅስና ልማር ነው» አልኋት። ማማሰያው ጆሮዬን ስቶ አለፈ። የብርጓል ሳቀች። ለካ ትስቃለች።

ከዚያ ለአምሳሉ ደወልንለት። ስልኩን እኔ ነው የምይዝላት፤ ጆሮዋ ላይ ሳደርግላት እንደ ጥንቱ ትጮኻለች። በርበሬው ማለቁን፣ አብሳይዋ መልመዷን ጠየቀች። ሊዘጋ ሲል፣ ከልምድ፣ ሳታስበው…

«በል ደህና እደር ልጄ። ውለድ፣ ክበድ!»

እኔ ደነገጥሁ። እሷ ያለችውን አልሰማችም። እሱ ግን ሰማ፤ ስልኩን ከጆሮዋ ሳነሳ ነው የመለሰው። መልሱ የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«አሜን አለ።»