እናቷን ሳላይ አልወስድም

ለእማዬ፣

ከቀበርንሽ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ነገር ሳልናዘዝ የምጽፈው ሁሉ ውሸት እየመሰለኝ ስጀምርና ስቀድ ነው የኖርኩት። ዛሬ አልቀድም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ክረምቱን ባልዲ ደቅነን አላሳለፍንም። ከበራችን ፊት ለፊት ባጃጆች መቆም ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሱን እነሱ ናቸው። እኔ እዚሁ አምቦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አባባ ደህና ነው ብዬ ብጽፍልሽ ግን አታምኚኝም። ካቀረብኩለት ይበላል፤ ካላቀረብኩለት መብላቱን አያስታውሰውም። በረንዳው ላይ ይውላል። ድሮ ያስተማራቸው ልጆች “ባርሲሳ፣ አከም?” ብለው መምህራቸውን ሰላም እያሉ ሲያልፉ ራሱን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት ባልደረባዬ ቤት ጎራ አልን። ትንሽ ነጭ ውሻ አለቻት። ዘልላ አባባ ጭን ላይ ወጣች። አወራት፣ እማዬ! ለእኔ በወር የማይነግረኝን ያህል አወራት። ቀናሁ ብልሽ አትስቂብኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ትልቅ ውሻ አባባን ጎትቶ ይጥለዋል። እንዲህ ያለች ትንሽ እፈልግለታለሁ ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

የእንስሳት ሐኪሙን ባማክረው ያለኝ አንድ ነገር ነው። “ከሁሉ በፊት እናቷን እዪ። እናቷን የማያሳይሽ ሰው ቡችላዋን ከየት እንዳመጣት አታውቂም።”

ምክሩ ትክክል ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእጮኛዬ ሽማግሌዎች በመጡ ቀን በሽታሽ ተነሣብሽ፤ ወድቀሽ አዩሽ። በሳምንቱ ነገሩ መቅረቱን በሰው ላኩብን። “እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል፤ እኛም አየን” ብለው። ልጁም ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሣም። አንቺ “በእኔ ምክንያት” እያልሽ ሞትሽ። ለሰው ሁሉ የምነግረው እዚህ ድረስ ነው።

በሐኪሙ እንደተናደድኩ ቡችላ ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ካርቶን ውስጥ ሦስት ቡችሎች ይዟል። ንጹህ ዘር ናቸው፣ ሁለት ወር ሞልቷቸዋል ይላል። አንዷን ባነሣት ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ጥርስ ገና አላወጣችም። ሁለት ወር ቀርቶ አንድም የሞላት አይመስልም። እናቷ የት ናት ብዬ ጠየቅኩት።

“እናቷ ምን ታደርግልሻለች? ለወንድምሽ ልታጪያት ነው እንዴ?” አለኝ። አጠገቡ ያሉት የሚኒባስ ረዳቶች ተንከተከቱ።

እናቷን ሳላይ አልወስድም አልኩት፤ ጮክ ብዬ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። የእነዚያን ሽማግሌዎች ቃል እኔው ተናገርኩት፣ እማዬ።

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጉደር ወዳለች አንዲት ሴት ላከኝ። አዴ ጫልቱ ይሏታል፤ አዋላጅ ነርስ ነበረች፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ያሏት ሁለት እናት ውሾች ብቻ ናቸው። ክትባት ሳያገኝና ሁለት ወር ሳይሞላው ቡችላ ከእናቱ አትለይም። ወንበር እንኳ ሳትሰጠኝ ጥያቄውን አወረደችው። ቤት ማን ይውላል? ግቢው አጥር አለው? ውሻ አስራችሁ ታውቃላችሁ? ብትታመም የት ትወስጃታለሽ?

“ሽማግሌ ልኬ መምጣት ነበረብኝ መሰለኝ፣ አዴ” አልኳት። ለወግ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

“ብትልኪም እነሱንም እጠይቃቸው ነበር። የእኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ በፌስታል የሚንጠለጠል ሽንኩርት አይደለም” አለችኝ።

ከዚያ ሳልጠይቃት እናቶቹን ጠራች። አንዷ እየሮጠች መጣች። ሌላዋ ሁለት ሦስት እርምጃ እየሄደች የኋላ እግሯን ታነሣለች። አዴ ጫልቱ አቅፋ ግቢው መሀል አምጥታ አስቀመጠቻት።

“ይቺ ጉልበቷ ውልቅ ይላል። ትንንሽ ዘር ውሾች ላይ ይበዛል። ልጅም ሊወርሰው ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። ሳላውቅ ነው ያስወለድኳት፤ ሁለተኛ አላስወልዳትም። ከልጆቿ አንዷ ቀርታለች። ሐኪሙ አይቷታል፣ ዛሬ ደህና ናት፤ ለነገው ግን አልምልልሽም። የዚያችኛዋም ልጅ አለች፤ እናቷ ጤነኛ ናት። አይተሽ ምረጪ። ካልሆነላችሁ ደግሞ መንገድ ላይ አትጣሏት፤ ለእኔው መልሱልኝ።”

እማዬ፣ ይህች ሴት አንካሳዋን ግቢ መሀል አወጣቻት። እኔ አንቺን ጓዳ አስገባሁሽ።

“እስኪሄዱ ብቻ” ነበር ያልኩሽ። አዲሱን ነጠላሽን ለብሰሽ ነበር። ዱካሽን ይዘሽ ገባሽ፣ እኔም በሩን ገርበብ አደረግኩት። በሽታው ሲመጣ ብቻሽን ነበርሽ። ሰፌዱና ብረት ድስቱ ላይ ስትወድቂ ድምፁን ሰምተው ነው ተነሥተው የገቡት። ግንባርሽ ላይ የቀረው ጠባሳ የእኔ ነው። ሽማግሌዎቹን ይቅር አላልኩም፤ አልልም። በደሉሽ። በአንቺ መጀመሪያ ያፈሩት ግን እነሱ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። እነሱን በረገምኩ ቁጥር ይህን ነበር የምሸፍነው።

ለአዴ ጫልቱ የጤነኛዋን ልጅ ልወስድ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ማንም ባይፈርድብኝም ቃሉ አልወጣ አለኝ። እሷም አላስጨነቀችኝ። “አብሯት የሚውለው አባትሽ ከሆነ እሱን አምጪው” አለችኝ።

ቅዳሜ አባባን በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። የነገረችኝን ሁሉ ቃል በቃል ደገመችለት፤ አንድም ነገር አላለሳለሰችም። አባባ እስክትጨርስ ሰማትና መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያ ዕድሜው! አንካሳዋ መጥታ እጁን አሸተተችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ጉልበቷ ሲወልቅ ምን ይደረጋል? አትጎትቷት፣ አትጩኹባት፣ ረጋ አድርጋችሁ ያዟትና ለሐኪም አሳዩ አለችው።

“ይሄንንስ አውቅበታለሁ” አላት።

ያውቅበታል። ኮቱን አጣጥፎ ከራስሽ ሥር ሲያደርግ፣ በጎንሽ ሲያስተኛሽ፣ ሰዓቱን እያየ አጠገብሽ ሲቀመጥ ስንት ዓመት አየሁት። ሲያገባሽ በሽታሽን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጓዳ አላስገባሽም።

“ልጆቹን አያዩም እንዴ፣ ኦቦ?” አለችው።

“እናቷን አይቻለሁ” አላት፣ በኦሮምኛ፤ እጁም አንካሳዋ ጀርባ ላይ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተከራከርኩት። ነገ ብታነክስስ? አልኩት። “ካነከሰች አነከሰች፤ አንቺስ ባዮሎጂ ምን ልትሆኚን ነው የተማርሽው?” አለኝ። ቡችላዋ ኮቱ ውስጥ ተኝታ ነበር።

እቤት ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትናንት ከደረጃው ስትወርድ አንድ ጊዜ እግሯን ያነሣች መሰለኝ። አባባም አይቷል። ሰኞ ሐኪሙ ጉልበቷን ያያል። ሐኪሙ ምንም ይበል ምን፣ አንመልሳትም።

አንቺን አልረሳም ማለት ቀላል ነው፤ ማን እናቱን ይረሳል? እኔ የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። ካሁን በኋላ ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ ከስምሽ ጋር በሽታሽንም እናገራለሁ። የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ ልጅ ወልዳ አሳድጋለች እላለሁ። ደግሞ አንድ ቀን ሽማግሌ ወደዚህ ቤት ከመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ በሩ ላይ እንደቆመ እነግረዋለሁ። መመለስ የሚፈልግ ከዚያው ይመለስ።

ጓዳ ያስገባችሽ ልጅሽ