ያየሁት ጎል

ውድ ዓሚ ቡጀምዓ፣

ሰላምታዬ ከአሳፊ ተነስቶ ኤሳዊራ፣ ሴት ልጅዎ ቤት ድረስ ይድረስዎ። ጤናዎን፣ በተለይ ያን የሚያስቸግርዎትን ጉልበት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ አልልም። አንዲት እውነት ለመናገር አርባ ቀን የፈጀባት ሰው ደህና ናት አይባልም።

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ያስታውሱታል? ኳስ በነጻ አያለሁ ብዬ ነበር በስታዲየም አስተናባሪነት የተመዘገብኩት። ሰደርያዬን ለብሼ ሜዳው ዳር ስደርስ እርስዎ፣ አለቃዬ፣ ትከሻዬን ይዘው ወደ ደጋፊው አዞሩኝ።

"ሱካይና ልጄ፣ ያንቺ ጨዋታ በዚህ በኩል ነው።"

"ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ?"

"ጭማሪው ሳይቆጠር!"

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት የክለባችንን ጎሎች ያየሁት በሰው ፊት ላይ ነው። እናቴ "ማን አገባ?" ስትለኝ "ማን እንዳለቀሰ ልንገርሽ" እላት ነበር።

ሰው ማንበብን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ዓሚ፣ አጎቴ፣ የምልዎትም ለዚህ ነው። "የሚዘፍን አያስፈራሽ፤ ይተነፍሳላ። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ወደ አፉ የሚያደርስም ክንዱን ማንቀሳቀሻ ቦታ አለው። ከኋላ ያሉት እየዘፈኑ ከፊት ያሉት ዝም ካሉ ግን ሬዲዮሽን አንሺ። የላይኛውን መግቢያ እናስዘጋለን፣ ግፊያው ከታች ይላላል" ይሉኝ ነበር። ቀላል ነገር ነው። ዋናው ዓይንን አለመንቀል ብቻ ነው።

ያን እሁድ ካሸነፍን ወደ ላይኛው ሊግ እናልፍ ነበር። ቦታዬ ከጎሉ ጀርባ፣ አራተኛው የተመልካች ደረጃ ሥር ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ከፊቴ ያለው ሺህ ሰው አፉን ከፍቶ በአንድ ዓይን ኳሷን ሲከተል አየሁ። እና ዞርኩ።

ዓሚ፣ ዞርኩ። ረጅሙ ተከላካያችን ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ሲመታት፣ መረቡ ሲወጠር በዓይኔ አየሁ። ወላሂ ቆንጆ ጎል ነበረች። ዘልዬ ጮህኩ። ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው ወድቀው እስኪነሱ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።

ፊቴን ስመልስ ከላይ ያለው ሕዝብ ወደ አጥሩ ወርዶ፣ ከፊት ያሉት ሽቦው ላይ ተለጥፈዋል። አንዲት ሴት አፏን ከፍታለች፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ሬዲዮው እጄ ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም። እርስዎ ከሁለተኛው ደረጃ እያነከሱ ሮጠው መጡ። ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ሜዳው የሚያስገባውን በር በረገዱት። ሰዉ ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ ጎኑ የተሰበረ ነበር፣ ራሱን የሳተ ነበር፣ የሞተ ግን አልነበረም። ሜዳው በሰው ስለተሞላ ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። እኛም በፎርፌ ተሸነፍንና ባለንበት ሊግ ቀረን።

እርስዎ ሪፖርቱን ሲጽፉ "አራተኛው ደረጃ ላይ ምን አየሽ?" አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ድንገት ነው የሆነው" አልኩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አቀርቅረው "ድንገት" ብለው ጻፉ። ያኔ ያውቁ ነበር እንዴ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሬዲዮዬን በጊዜ አንስቼ ቢሆን የላይኛው መግቢያ ይዘጋ ነበር፤ የሜዳው በርም ባልተከፈተ።

የክለቡ ኮሚቴ "ያለ ትእዛዝ በር ከፍቶ ክለቡን አስቀጣ" ብሎ አሰናበተዎት። ከተማው ደግሞ የራሱን ቅጣት ጨመረ። ዓሣ ገበያ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ከኋላዎ ተሰልፌ እንደነበር ግን አያውቁም። ሻጩ "ለቡጀምዓ ሰርዲን የለም! ድመት ትብላው!" ሲልዎ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ባዶ ዘንቢልዎን ይዘው ሄዱ። እኔ ሰርዲኔን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ከተማውን ለቀው መሄድዎን ሰማሁ።

ባለፈው ሰኞ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

"የእሁዱ ጥፋት የኔ ነው። ዞሬ ነበር" አልኳቸው።

"ለምን ዞርሽ?" አለ ሰብሳቢው።

"ጎል ነበራ!"

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሳቁ አመለጠው። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። "አንቺ ልጅ፣ ነገሩ ተረስቷል። አሁን ማን ያስታውሰዋል?"

"ዓሚ ቡጀምዓ።"

"እሱ እንደሆነ አርጅቷል። ይረፍበት።"

"ማረፍና መባረር አንድ ነው እንዴ? ያልኩትን ጽፋችሁ ለጥፉ። ሳይጻፍ አልወጣም!"

ሰደርያዬን ተረከቡኝና አሰናበቱኝ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ ሥራውን እወደው ነበር። በማግስቱ ግን ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ወረቀት ተለጠፈ፦ ቡጀምዓ በሩን የከፈተው የሰው ሕይወት ለማትረፍ ነው፣ ማስጠንቀቂያው የዘገየው በሌላ አስተናባሪ ጥፋት ነው ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የኔው ትንሽ አብዝቶ አደረ።

ወረቀቱን ቆሜ ሳነብ አንድ ሰው ጎኑን በእጁ ደግፎ አጠገቤ ቆመ። ሚሉድ ይባላል፣ ግንበኛ ነው።

"ሌላዋ አስተናባሪ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።" ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔ አጥሩ ላይ ነበርኩ። ብብቴን ይዞ የጎተተኝ ሽማግሌው ነው። ግን ሰፈሩ ሲሰድበው እኔም አብሬ ሰድቤዋለሁ፤ ካንቺ አልሻልም" አለኝና አድራሻዎን ጠየቀኝ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የሰጠዎት እሱ ነው፣ ዓሚ። አውቶቡስ ውስጥ የሚለውን ሲለማመድ ነው የመጣው፤ ፊትዎ ሲቆም ግን አፉ እንደሚያያዝ አውቃለሁ። አይቸኩሉበት፣ ቁጭ ይበል።

ደብዳቤውን አሳፊ ጀምሬ እዚሁ ኤሳዊራ ጨረስኩት። ከልጅዎ ቤት ማዶ፣ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ ለሚሉድ ይንገሩትና በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ፤ ፈጽሞ አልቀየምዎትም። ከፈለጉኝ ግን ይጥሩኝ።

የበደለችዎ
ሱካይና