አያስፈልግም የተባለው ሙከራ

ታላቅ እህታችን ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገውናል። በኬሚስትሪ በዲግሪ ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም ቤተ ሙከራ በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ፕሮቲኖች እርስ በርስ ሲያያዙ ቀለም ሳይቀቡ የሚያሳየው መሣሪያ በ1996 ዓ.ም. ሲገባ፣ ጠባዩን ያወቁለት እሳቸው ናቸው። ወርቅ በተለበጠ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ አንዱ ፕሮቲን ይቀመጣል፣ ሌላው በፈሳሽ ያልፍበታል፤ ሲያያዙ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይወጣል፣ ሲላቀቁ ይወርዳል። መስመሩ ሳይረጋ ማንንም ስለማያስነኩ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ጠብቁ» አሏቸው። ስሙን ወደውት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ አዲሱ መድኃኒት የበሽታውን ፕሮቲን ጥርቅም አድርጎ ያዘ ብለው ለማሳተም ቸኮሉ። እህታችን ግን «ይሄ መያዝ አይደለም፣ ወርቁ ላይ መለጠፍ ነው። መጀመሪያ ፕሮቲን የሌለበትን ባዶ ብርጭቆ እንሞክር» አሉ። ኃላፊው እምቢ አሉ። ጽሑፉ ታተመ፣ ተጨበጨበላቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ሞክረው ውጤቱን ሲያጡት ኃላፊው ዓይናቸውን በጨው አጥበው «የቴክኒሻኗ ስህተት ነው» ብለው ጻፉ። እህታችን ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተወርውረው፣ ጡረታ እስኪወጡ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ጠርሙስ አጠቡ። አንጀታችን አርሯል፤ ይቅርም አላልንም።

የሙከራ ደብተራቸውን ግን አልጣሉትም። ባዶው ብርጭቆ ይሞከር ብለው በጠየቁበት ገጽ ላይ ኃላፊው በገዛ እጃቸው «አያስፈልግም» ብለው ፈርመዋል። ገጹ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል።

እህታችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው አለን። ስማቸው ሳይነጻ መሞታቸው ነው የሚያንገበግበን።

የክፍሉ ኃላፊ ይህን የእህታችንን የሕይወት ታሪክ እኔ ላንብብ ብለው ቤተሰቡን ለምነው ነበርና ፈቅደናል። አስቀድመው ልየው አላሉም። እስካሁን የሰማችሁት ድምፅ የእሳቸው ነው፤ ወረቀቱ በእጃችሁ ስላለ የዘለሉት መስመር ካለ እዩላቸው።

የእህታችንን ነፍስ አምላክ በሰላም ያሳርፍልን። ለአንባቢውም ዕድሜ ይስጥልን፤ ገና ብዙ ሰው ይጠይቃቸዋል።