ሻይ የመሰለው ውሃ

ውድ ወንድሜ፣

እነዚያን አሥራ አንድ ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተንም ከቤት ያባረርኩህ እየመሰለኝ መኖሬን ነው። አሁን ደግሞ እንዳልሆነ ሰማሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፍልህ።

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ የጫካ አገር የወንዝ ውሃ ስትለካ ቆይተህ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥለህ በራፌ ላይ ስትቆም ከሲታ ሆነህ ነበር። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ሳለ፣ «እጅህን ታጠብ፣ ምግብ ቀርቧል» አልኩህ። እኔ ሲጨንቀኝ ማብላትና ማጠብ እንጂ መጠየቅ አላውቅበትም። አንተም ዝም አልክ። የመንገድ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። የመንገድ ድካም ሦስት ወር ይቆያል እንዴ?

ከዚያ ያንን ትልቅ አኳሪየም አምጥተህ ሳሎኑን አጣበብከው። ከሥር አሸዋ፣ መሃሉ ላይ የተጣመመ ግንድ፣ ከላይ የደረቀ ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ። በሳምንቱ ውሃው ሻይ መሰለ። ጥፍር የሚያካክሉ አሥራ አራት ዓሦች ለቀቅክበትና ወንበርህን ስበህ ፊት ለፊቱ ተቀመጥክ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ስልህ፣

«እዚያ ያለው ጅረት እንደዚህ ነው። እጅሽን ብታስገቢ ክርንሽ ድረስ ይውጠዋል» አልከኝ።

ከመጣህ ወዲህ የተናገርከው ረጅሙ ነገር ይኸው ነበር። እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? «እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?»

ሥራዬን ታውቃለህ። በሆቴል ላውንደሪ አሥራ ስድስት ዓመት አንሶላ ሳነጣ የኖርኩ ሰው፣ እድፍ አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ያን ቅዳሜ ጠዋት መውጣትህን ጠብቄ ውሃውን በባልዲ ቀዳሁት፤ ቅጠሉን ጣልኩ፤ ግንዱን በብሩሽ ፈተግኩ፤ ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። መስታወቱ እንዴት እንዳበራ! ሲያየው ደስ ይለዋል ብዬ በር በሩን አይ ነበር። አንተ ስትገባ ግን አብዛኞቹ ተገልብጠው ይንሳፈፉ ጀምረዋል።

ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? «አይዞሽ፣ አላወቅሽም» ብለህ አንድ በአንድ በማንኪያ አወጣሃቸው። በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አልነበርክም። ጠረጴዛው ላይ «ደህና ነኝ፤ አትፈልጊኝ» የሚል ወረቀት። በቃ። ስለተረፉት ስለ ሦስቱ እንኳ አንድ ቃል የለበትም።

ሦስቱ ጥግ ላይ ተለጥፈው ቀለማቸው ነጣ። እነዚህም ከሞቱብኝ አለቀልኝ ብዬ፣ የዓሣ ምግብ ትገዛበት ወደነበረው የሽማግሌው ሱቅ ሮጥኩ።

«ውሃውን አጥቤው ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ውሃ በምን ይታጠባል?»

ስቀው ሲያበቁ አስተማሩኝ። እነዚህ ዓሦች የጥላ ልጆች ናቸው አሉኝ፤ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አደባባይ ላይ ራቁቱን እንደቆመ ሰው ይሆናሉ። ከሥራ ቦታዬ ጓሮ የረገፈ የዘይቱና ቅጠል ለቅሜ ቀቀልኩ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ባልዲ ደርድሬ የዝናብ ውሃ አጠራቀምኩ። ጎረቤታችን፣ «ቧንቧ ተቋረጠባችሁ እንዴ?» ብትለኝ፣ «አይ፣ ንጹሕ ውሃ እያቆሸሽኩ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የምትለኝ ከሩቅ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ጠቆረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ሦስቱም ከግንዱ ሥር ወጥተው ይዋኛሉ፤ ጎናቸው ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር በርታለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው፤ ዓይን ሲለምደው ግን ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይወጣል። አለቀስኩ። ለዓሦቹ ይሁን ላንተ ዛሬም አላውቅም።

ይህንኑ ላበስር ሱቅ ብሄድ ሽማግሌው፣ «ለወንድምሽ እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የት አግኝተውት?»

«አትንገሯት ብሎኝ ነበር... ሐሙስ ሐሙስ ይደውልልኛል። ዓሦቹ እንዴት ናቸው ይለኛል።»

«ስለ እኔስ?»

«ስላንቺ አይጠይቅም።» ትንሽ አሰቡና፣ «ግን ማን እንደሚያበላቸው ያውቃል» አሉ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። «ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረው መሄዱን ነግሮኝ፣ ዓሦቹን ልረከብህ ብለው፣ ‹ለእህቴ ነው የምተዋቸው› አለኝ» አሉ። አንድ ወር! ውሃውን ከማጠቤ በፊት እኮ ነው! መሄድህ ቀድሞ የተቆረጠ ነገር ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቀን በጸጸት ያረርኩት ለምንድን ነው? ለእኔ ልትተዋቸው ካሰብክስ ለምን አላስተማርከኝም? ወይስ ያ ስለ ጅረቱ የነገርከኝ ማስተማርህ ኖሯል? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ባለፈው ሐሙስ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ስልኩ ሲጮህ ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ሰጡኝ።

«ዓሦቹ እንዴት ናቸው?» አልክ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

ዝም አልክ፤ አወቅከኝ። ትንፋሽህ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከስንት ሳምንት በኋላ አግኝቼህ ሳለ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልኩን መልሼ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። አድራሻህን የተቀበሉልኝም እሳቸው ናቸው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሐሙስን ጠብቀህ ደውል። ከሽማግሌው ጋር ተስማምተናል፤ የማነሳው እኔ ነኝ። ስለ ዓሦቹ ትጠይቀኛለህ፣ እነግርሃለሁ። ከዚያ ተራው የእኔ ነው፦ እዚያ አገር ምን ደረሰብህ? ተመለስ ብዬ አላስጨንቅህም። መልስ ቢያጥርህ ዝም ብለህ ብትተነፍስም እሰማሃለሁ፤ አሁን ስልኩን ለማንም አልሰጥም።

እህትህ