«የአማት ጉያ» የት እንዳለ ለወደብ ሹሙ

«ጁላይ 18 ቀን ‹የአማት ጉያ› የሚባል፣ በባሕር ካርታ ላይ የሌለ ሥፍራ በሬዲዮ በመጥራት በነፍስ አድን ሥራ ላይ ስለ ቀለዱ፣ የካያክ አስጎብኚነት ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ታግዷል።»

ለተከበሩ የደሴታችን ወደብ ሹም፣ ለሻምበል ኢራክሊስ ዱካስ፦

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ከአቴንስ ተሾመው ከመጡ ወዲህ ያለፉትን ሦስት ወራት ፀሐያችን ሳያቃጥልዎት፣ ነፋሳችንም ወረቀትዎን ሳይበትንብዎት እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ነው፤ አንዲት ቃል አልነካሁበትም።

በዚያ ሐሙስ ስድስት እንግዶች ይዤ፣ በጠባቦቹ የካያክ ጀልባዎቻችን በምዕራቡ ጠረፍ ስንቀዝፍ አረፈድን። እስከ ቀትር ባሕሩ ዝም ያለ ስለነበር ዋሻዎቹን እየገባን አየን፤ በጠጠሩ ላይ ተቀምጠንም ዳቦና አይብ በላን። ከምሳ በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ካሰብኩት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተነሣ። በዚህ ስሕተቴ ቢከሱኝ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር። ወይዘሮ ብሪጊታ የተባሉ እንግዳ ተገልብጠው ትከሻቸው ወለቀ፤ ሁሉንም ወደ ቅርቡ ወሽመጥ አስገብቼ በሬዲዮ ጠራኋችሁ። ተረኛ መኮንንዎ ያለኝንና ያልኩትን ላስታውስዎት፦

«የአማት ጉያ ነን፤ ትከሻዋ የወለቀ ሴት አለች።»

«የማን አማት?»

«የማንም! ቦታው ነው። ቶሎ ኑ።»

«ጌታዬ፣ ይህ የነፍስ አድን መስመር ነው። በካርታው ስም ይንገሩኝ።»

«በካርታው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው።»

«እንዲህ አይሉም ታዲያ! መጣን።»

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. በካርታዎ ላይ ቅዱስ ኒቆላዎስ የሚባሉ አራት ወሽመጦች አሉ። በደሴታችን ከማዕበል የተረፈ ሰው ሁሉ ለዚህ ቅዱስ ቤተ ጸሎት ይሠራል፤ ካርታ ሠሪውም የቤተ ጸሎቱን ስም ይጽፋል። ዓሣ አጥማጆቻችን አራቱን የሚለዩት በቅጽል ነው። የእኛን የአማት ጉያ ያሉት ማንም ወዶ ስለማይገባበት፣ የጨነቀውን ግን ስለማይመልስ ነው።

2ኛ. የነፍስ አድን ጀልባዎ በምሥራቅ በኩል ወዳለው ቅዱስ ኒቆላዎስ ሄዶ አርባ ደቂቃ ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲጣራ ቆየ። በዚያ ያሉ ፍየሎች ስለ ትጋቱ ከልብ ያመሰግናሉ።

3ኛ. ያዳነን ሬዲዮውን በአጋጣሚ ያዳመጡት የሰባ አንድ ዓመቷ ዓሣ አጥማጅ፣ እማማ አርጊሮ ናቸው። «ሲደሪስ፣ የኔ ጅል! በዚህ ነፋስ ሰው ይዘህ ትወጣለህ? የተማርክ መስለኸኝ! በል ዝም ብለህ ጠብቀኝ» አሉና በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሱ። የእርስዎ ቢሮ ስለማይከፍላቸው ስድቡን በነፃ ተቀብያለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ፈቃድ ሲታገድ አልቆጭም ብል እዋሻለሁ። የሚያስቆጣኝ ግን በዚያው ደብዳቤ ግርጌ «ከእንግዲህ ማንኛውም ጀልባ ከካርታው ስም ውጭ ሌላ ስም እንዳይጠቀም» ብለው ማዘዝዎ ነው። ወይዘሮ ብሪጊታ የወለቀው ትከሻቸው ስለነበር አርባ ደቂቃ ይችሉ ነበር። የሚቀጥለው ሰው ደም የሚፈሰው ከሆነ አይችልም፤ ትእዛዝዎ ይገድለዋል። እኔም አልታዘዝም፤ ፈቃዴን ለዘላለም ቢወስዱትም አልታዘዝም።

እገዳውንና ትእዛዙን መሻርዎን፣ ወይም የማይሽሩበትን ምክንያት፣ እስከ ኦገስት 20 ቀን ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም፤ በቃል የተነገረ የቦታ ስም እርስዎም አይቀበሉምና።

የቢሮዎን ወንበር የሚያህል ጽናት እየተመኘሁልዎት፣

ሲደሪስ ካላፋቲስ
በጂኦግራፊ ዲግሪ ያለው፣ የታገደ አስጎብኚ

በነገራችን ላይ፦ እሑድ ጠዋት ከእማማ አርጊሮና ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቀዝፈን ሄደን የየወሽመጡን ቅጽል ስም በዐለቱ ላይ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርገን፣ በኖራ እንጽፋለን። ቅጣት እንዳለው አውቃለሁ፤ አንቀጹን አንብቤያለሁ። በመስኮትዎ ሥር ያለው ዐለትም እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ዓሣ አጥማጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ እሱን ግን፣ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ፣ ሳንጽፍ እንተወዋለን።