ሳይፈላ የሚወፍር ሙቅ

ወረታ፣ ነሐሴ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አማትሽስ ከነቁጣቸው ደህና ናቸው? ከሁሉ በፊት ግን ትንሹ ማረው እንዴት ነው? ዓይኑ ጎድጎድ አላለም? ሲያለቅስ እንባ አለው? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወግ አይደለም። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከአንበሳሜ ወሬ የሚያደርሰኝ ስላጣሁ፣ ለገበያ የምትመጣውን አምሳልን አስቁሜ፣ ደጄ ላይ እንደቆመች ነው የምጽፍልሽ።

ጡቴ ደረቀ ብለሽ ብትልኪብኝ በባለቤቴ በባየህ እጅ የሰደድኩልሽን ነጭ ዱቄት ለልጁ አትስጪው። ጀምረሽ እንደሆነም ዛሬውኑ ተይው።

ዱቄቱ መርዝ ሆኖ አይደለም። በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። የሩዝ ስባሪ አጥበን በውሃ እንፈጫለን፤ ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ በእንፋሎት በጋለ ትልቅ የብረት ከበሮ ላይ እናፈሰዋለን። ከበሮው ሲዞር እዚያው በስሎ፣ እዚያው ደርቆ፣ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይወርዳል። መልሰን እንፈጨዋለን። አንዴ የበሰለ ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይወፍራል። ከውሃና ከእሳት በቀር የገባበት የለም።

የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት አቶ ሰውመሆንም ክፉ ሰው አይደሉም። ሰኔ ላይ ገበያ መሃል ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የታሸገ ውሃ ከፍተው፣ ዱቄቱን በትነው ትንሽ ቢያማስሉት ሙቁ ማንኪያ አቆመ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ጎረቤቴን ስንዱን ታውቂያት የለ፣ አፏ የማያርፈውን? «ኧረ አቶ ሰውመሆን፣ ለወንዶቹም እንዲህ ያለች ሚስት ይሥሩላቸው፣ ጭስ የማታውቅ!» ብላ ገበያውን አሳቀችው። እሳቸው «ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን» ማለታቸውን አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። በዚያ ሳቅ መሃል ሌላ ማን ይሰማል? ሥራ የምንውል እናቶች በተለይ ወደድነው፤ እኔም ቤት ጥዬው ለምውለው ሕፃን ልጄ ይዤ ገባሁ።

እኛ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሙቅ በሰለ የምንለው ሲወፍር ነው። ከማማሰያው ተንጠልጥሎ ሲቀር እናወርዳለን። ውሃው ፈላ አልፈላ ብሎ የሚያይ የለም፤ ድሮስ ሳይፈላ የወፈረ ሙቅ ማን አይቶ ያውቃል! ክረምቱ ገባ፣ ኩበቱ ራሰ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ሲያለብሰው የጉድጓዱም ውሃ ደፈረሰ። ሰው ሁሉ ከዚያው ቀድቶ፣ በሻሽ አጥልሎ፣ ዱቄቱን በተነበት። ወፈረ። ወፈረ ማለት ደግሞ በሰለ ማለት ነው።

መጀመሪያ የስንዱ ልጅ በተቅማጥ ታመመች። «ጥርስ ልታበቅል ነው» ተባለ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያሉት መንትዮች። «ዓይን ነው» ተባለ። ከጤና ኬላ የመጣችው ልጅ «ውሃውን አፍልታችሁታል?» ብትል፣ ስንዱ ልጇን እንዳቀፈች «አንቺ ደግሞ፣ የወፈረ ሙቅ ምኑን ያፈሉታል? ወልደሽ ነይና ምከሪን!» አለቻት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ዝም ብሏል፣ እህቴ። ጠዋት የሕፃን ለቅሶ የለመደ ጆሮ ይህን ዝምታ አይችለውም። ስንዱም አትስቅም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን።

ስለዚህ ስሚኝ። ልጁ የሚቀምሰውን ውሃ ሁሉ እስኪንተከተክ አፍይው፤ ማገዶ ካጣሽ በሩን ሰብረሽ አንድጂው። ሆዱ ከተበላሸ አማትሽ «ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደን እንንከረው» ማለታቸው አይቀርም። እግራቸው ላይ ወድቀሽም ቢሆን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አድርሺው። «ነገ ይሻለው ይሆናል» እንዳትዪ። ነገ የሚሉት ነገር ለሕፃን ሩቅ ነው።

«ታዲያ ምን ላጉርሰው?» ትይኛለሽ። አንቺ ብቻ እስከ ቅዳሜ የላምሽን ወተት አፍልተሽ እየሰጠሽ ልጁን አቆዪልኝ። ቅዳሜ እመጣና እኔው አጠባልሻለሁ። አይዞሽ፣ ከማንም አልነጥቅም። ጡቴ እንደሆነ ሞልቶ እያደረ ሲያመኝ ይነጋል፤ እያለብኩ መሬት ላይ ነው የማፈሰው።

ሥራውን ትቻለሁ። ባየህ ሰላም ብሎሻል። የቀረው የእኛ ቤት ነገር በወረቀት የሚሆን አይደለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጅሽ ስደርስ ግን እንዳትጮሂ፣ ማረው ይደነግጣል። መጀመሪያ ልጁን አቀብዪኝ፤ ጠብቶ ሲተኛ እኔና አንቺ እንቀመጣለን።

ጣራ ገዳም ያለው ጸሎት አይለያችሁ። እመ ብርሃን ጓዳሽን ትጠብቅልሽ፣ ማረውን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
የማረው አክስት