አባትህ የበየዳት ወፍ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሙዚየሙ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ ልጄ። ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

የነገርኩህ የእጅ ሥራና የፈጠራ ሙዚየም ቅዳሜ ይከፈታል። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለችውን ትልቅ የብረት ወፍ የሠራት አባትህ ነው። የከተማው ባለሙያ ሁሉ አሮጌ መሣሪያውን ሰጠ፤ ልብስ ሰፊው መቀሱን፣ አናጢው መጋዙን፣ ጫማ ሰፊው መዶሻውን። አባትህ እየበየደ ክንፍ አደረጋቸው። ቅዳሜ የትምህርት ቤት ልጆች ከሥሯ ቆመው ይዘምራሉ።

አሁን የደበቅንህን ልንገርህ። አባትህ ዓይኑ ከደከመ ዓመት አልፎታል። የእሳቱን ብርሃን ያያል እንጂ የሚበይደውን መስመር አያይም። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል፤ "አያይም ከተባልኩ ማን ሥራ ያመጣልኛል?" ይላል። ስለዚህ የብየዳ መነጽር አድርጌ ከጎኑ እቀመጥና "ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚያው፣ በቃ" እለዋለሁ። ጎረቤቱ "እነዚህ ሰዎች በስተርጅና ፍቅር አገረሸባቸው" እያለ ይስቅብናል። እኛም አብረን እንስቃለን።

ታዲያ አንድ ቀን ትኩሳት ጥሎኝ ስተኛ፣ የግራ ክንፏን መጋጠሚያ ብቻውን እየዳሰሰ በየደው። ማክሰኞ ተሰቅላ ሳያት፣ ከሥሯ የሚቆሙት ልጆች ታዩኝ። ትናንት መሐላዬን አፍርሼ ለሙዚየሙ ኃላፊ ሁሉንም ነገርኳት።

"እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

"አውርዱልኝ ብቻ" አልኳት።

ዛሬ ጠዋት አወረዷትና መሐንዲሱ አንድ በአንድ መረመራት። አባትህ ብቻውን የበየደው የግራ ክንፍ ንቅንቅ አላለም። ስንጥቅ የተገኘው በቀኙ ነው።

ቀኙን ከጎኑ ሆኜ ያስበየድኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ደክሞት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍተቱን ዓይኔ እያየ ነው ያለፍኩት። ድገመው ልለው ስል "እንዴት ነው?" ብሎ ፈገግ አለ። አሳዘነኝ። "ቆንጆ ነው" አልኩት።

ሌላ በያጅ እያስተካከለው ነው፤ ልጆቹስ ተርፈውልናል። አባትህ ግን ስንጥቅ መገኘቱን እንጂ የቱ ክንፍ እንደሆነ አልሰማም። እኔ መናገሬንም አያውቅም። የተሰነጠቀው ብቻውን የበየደው ክንፍ መስሎት ጥጉን ይዞ ተቀምጧል።

"ያን ቀን አንቺ ከጎኔ ብትኖሪ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር" አለኝ ቅድም፣ እጄን ይዞ።

ዝም ካልኩ እጄ ከዳኝ ብሎ ሥራውን ይተዋል። ከነገርኩት ደግሞ ከእንግዲህ "በቃ፣ ጥሩ ነው" ስለው እንዴት ያምነኛል? ከእኔ ሌላ ማን አለው? ይኸው ነው የሚያስፈራኝ።

አሁን ከወዲያ እየተጣራ ነው። "ለልጁ ምን ጻፍሽለት? አንብቢልኝ እንጂ" ይላል። አንድም ቃል ሳልዘል አነብለታለሁ። ድምፄ እንዳይከዳኝ ጸልይልኝ።

ፈጣሪ በሄድክበት ከክፉ ይሰውርህ፤ ዓይንህን ይጠብቅልኝ።

ፈሪዋ እናትህ